ከደጋ ወርዶ መንገድ ዳር መስፈር፦ የቆቦና የራያ ቆላ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ወልድያን አልፎ የአላውሃን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ፣ ተራሮቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሸሹ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ ሜዳ ሲዘረጋ ይመለከታል። በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ይለየዋል። በመካከሉ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ምድር ላይ፣ ጎቢዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦና ዋጃ በአንድ ጎዳና ላይ ተራ በተራ ይገኛሉ። ቆቦ ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወደ ሰሜን የሚቀጥል ሰው አላማጣን አልፎ፣ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፣ በኮረምና በማይጨው በኩል መቀሌ ይደርሳል።

ካርታውን ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን አካባቢ ለሰፈራ የተመቸ ሥፍራ ነው ብሎ ቢፈርድ አያስገርምም። መሬቱ ለም ነው፤ ዋና መንገድ ያልፍበታል፤ ከተሞች በሁለቱም አቅጣጫ በቅርብ ይገኛሉ። ዳሩ ግን የሜዳው ታሪክ ከካርታው ጋር አይስማማም። ከላይ በደጋው ሕዝብ በጠባብ ማሳ ላይ ተጨናንቆ ሲኖር፣ ከሥሩ ያለው ሰፊ ሜዳ ለብዙ ዘመን ስስ ሰፈር ነበረ። ሰው ወርዶ መስፈር ከጀመረም በኋላ ደጋግሞ የለቀቀበት ጊዜ አለ። ስለ ምን ዘግይቶ ሰፈረ? ከሰፈረስ በኋላ ስለ ምን ለቀቀ? የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ የአንድን ገጠር ለከተማ መቅረብ በኪሎ ሜትር ብቻ መለካት ምን ያህል እንደሚያሳስት ያስረዳል።

ሜዳው ከመንገዱ በፊት

ሜዳው ባዶ ምድር አልነበረም። ራያ የሚባለው ሕዝብ ከብቱን እያረባ፣ ማሽላና ጤፍ እየዘራ፣ ከዞብል ተራራ እስከ ምዕራቡ ደጋ ግርጌ ይኖርበት ነበር። ይህ ሕዝብ ራሱ ከብዙ ወገን የተገናኘ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የኦሮሞ ነገዶች ወደ አካባቢው ገብተው ሰፍረዋል፤ ከአማራው፣ ከትግሬው፣ ከአገውና ከአፋሩ ጋር ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል። በአንድ የገበያ ሜዳ ላይ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ መስማት ለራያ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም። ስለዚህም የራያን ታሪክ የሚያጠና ሰው በመጀመሪያ የሚረዳው፣ መጤ የነበረው እየቆየ ባለ አገር መሆኑን ነው።

የደጋው ገበሬ ግን ወደ ሜዳው የሚወርደው ለሥራና ለገበያ እንጂ ለመኖሪያ አልነበረም። በሰሜን ወሎ የቆላ ዳር፣ እንደ ሌሎቹም የአገሪቱ ተዳፋቶች ሁሉ፣ ቤትን ከፍ ካለው ጉብታ ላይ ሠርቶ እርሻን ወደ ታች ማረስ የቆየ ልማድ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነበር። አንደኛው ንዳድ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ሲገባ ወንዞቹ በየቦታው ኩሬ ይተዋሉ፤ በዚያን ጊዜ በሜዳው ያደረ ደገኛ ትኩሳት ይዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ወይም ሳይመለስ ይቀራል። የወባን ምሥጢር ሳይንስ ከመግለጡ በፊት ገበሬው በሽታው ከቦታውና ከወቅቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን ዐውቆ ይጠነቀቅ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት የጸጥታ እጦት ነው። ሜዳው በደጋውና በአፋሩ መካከል ያለ የከብት ዘረፋና የአጸፋ ምድር ነበረ፤ የማዕከላዊው መንግሥትም ሥልጣን በዚያ በኩል የጸና አልነበረም። በ1921 እና በ1922 ዓ.ም. የራያና አዘቦ ሕዝብ በመንግሥት ላይ ተነሥቷል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተደረገው ጦርነት በኋላም ሲያፈገፍግ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ከጣሊያን አውሮፕላን ሌላ ከዚሁ ሕዝብ በኩል ጥቃት ደርሶበታል። በ1935 ዓ.ም. የተነሣው የቀዳማይ ወያነ ዐመፅም ራያን የነካ ነበረ።

መንገዱና ከተሞቹ

የሜዳውን ዕጣ የለወጠው የመጀመሪያው ነገር መንገድ ነው። የጣሊያን ወራሪ መንግሥት ከ1928 እስከ 1931 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አሥመራን ከአዲስ አበባ ጋር ለማገናኘት ያሠራው ጎዳና በመቀሌ፣ በኮረም፣ በአላማጣ፣ በቆቦ፣ በወልድያና በደሴ በኩል አለፈ። ዓላማው የጦር ሠራዊትና ስንቅ ማጓጓዝ ነበር እንጂ የራያን ገበሬ ከገበያ ማገናኘት አልነበረም። ሆኖም መንገድ የሠሪውን አሳብ ብቻ አያገለግልም። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ጎዳናው የንግድ መኪና፣ የአውቶቡስ፣ የፖስታና የቴሌግራፍ መስመር ሆነ፤ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ጥገናውን ተረከበ።

ከዚያ ወዲህ በአካባቢው የከተማ አሠፋፈር ፊቱን አዞረ። ቀድሞ ሹማምንትና ነጋዴዎች የሚመርጡት ነፋሻውን ከፍታ ነበር። መኪና ግን ሜዳ ይወዳል። ነጋዴው፣ ጠጅ ቤት ከፋችዋ፣ ጋራዥ ሠሪው፣ የመንግሥት ጸሐፊው ሁሉ መኪና ወደሚቆምበት ወረደ። ቆቦና አላማጣ የእህል መሰብሰቢያና የመንገደኛ ማደሪያ ሆኑ፤ ከዞብል ማዶ የሚመጣው የአፋር ከብትና ግመል፣ ከደጋው የሚወርደው ገብስና ባቄላ፣ ከሜዳው የሚታፈሰው ማሽላና ጤፍ በአንድ ገበያ ተገናኘ። በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው ራያና ቆቦ አውራጃም የአስተዳደር፣ የፍርድ ቤትና የትምህርት ቤት ሠራተኞችን ወደ መንገዱ አቀረበ።

ይህም ሆኖ ከተሞቹ አደጉ እንጂ ሜዳው ገና በገበሬ አልሞላም ነበር። ከመንገዱ ጥቂት ርቆ ጎጆ ለመቀለስ የሚያስብ ደገኛ አሁንም የጥቅምትን ወር ይፈራ ነበር።

የወባ ዘመቻ

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው በጤና በኩል ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ገደማ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከውጭ ረጂዎች ጋር በመተባበር የወባ መቆጣጠሪያ የሙከራ ሥራ በጥቂት የተመረጡ ቦታዎች ሲጀምር፣ ከእነዚህ አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ ነበረ። ሌሎቹ የደምቢያ ሜዳ፣ የአዋሽ ሸለቆና ጋምቤላ ናቸው። የረጪ ቡድኖች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የጎጆዎችን ውስጠኛ ግድግዳ በዲዲቲ ይረጩ ጀመር። ሥራው የተመሠረተው የወባ ትንኝ ሰው ከነከሰች በኋላ በግድግዳ ላይ ታርፋለች በሚለው ዕውቀት ላይ ነው።

የችግሩ ክብደት ለመላ አገሪቱ የታወቀው ግን በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጸው የወባ ወረርሽኝ በደጋውና በወይና ደጋው በተነሣ ጊዜ ነው። በዚያ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ወዲያው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። በሙከራ የተጀመረው ሥራ በዚህ መልክ ወደ አገር አቀፍ አገልግሎት አደገ።

የቆላ ምድር በወባ ቁጥጥር ምክንያት ለሰፋሪ የተከፈተው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በኔፓል የራፕቲ ሸለቆ በንዳዱ ምክንያት ለዘመናት ከጥቂት ነባር ነዋሪዎች በቀር ሰው የማይደፍረው ጫካ ነበረ፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የዲዲቲ ርጭትና የመንገድ ሥራ ሲገቡ ግን የተራራው ገበሬ በብዛት ወርዶ ሰፈረበት። የራያ ሜዳ የወሰደው መንገድም በመጠኑ አነስ ይበል እንጂ ተመሳሳይ ነው። ቀድሞ ሲመሽ ወደ ዳገቱ ይመለስ የነበረው ገበሬ በማሳው አጠገብ ማደር ጀመረ፤ ልጆቹን ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ላከ፤ ከብቱንም በሜዳው አሰማራ። መንገዱ ብቻውን ያላደረገውን መንገዱና ጤናው ተባብረው አደረጉት።

መንገድ ዳር የታየው ረኃብ

ሆኖም ሜዳው ሦስተኛ ነገር ይጎድለው ነበር፤ እርሱም አስተማማኝ ውኃ ነው። የቆቦ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ ከ700 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልቅም፤ ይኸውም በበልግና በክረምት የተከፈለ ነው። እንደ ደጋሊት ያለው ዘግይቶ የሚደርስ የአገሬው ማሽላ የሚዘራው በበልጉ ዝናብ ነው፤ በልጉ ከቀረ ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዘር መፈለግ አለበት፤ ክረምቱም አጥሮ ከቆመ እሸቱ በአገዳው ላይ ይደርቃል። አቀንጭራ የሚባለው አረም ደግሞ በደከመ መሬት ላይ የማሽላውን ሥር እየጠባ ይጨምርበታል።

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ሲታጎል ይህ ጉድለት ሕይወት ጠየቀ። በዚያን ጊዜ የሰሜን ወሎ ገበሬ ያደረገው ነገር የመንገዱን ሁለተኛ ባሕርይ ይገልጣል። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከየቀበሌው ወጥቶ ወደ ዋናው ጎዳና ወረደ፤ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምጽዋት ለመነ፤ በቆቦ፣ በአላማጣ፣ በኮረም፣ በወልድያና በደሴ ዙሪያ በየመጠለያው ተከማቸ። ቅርበት ማለት ለተራበው ሰው የመጨረሻ ተስፋ ነበር። መንገድ ካለበት እርዳታ ይመጣል ብሎ ያምን ነበርና።

እርዳታው ግን ዘገየ። በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎን ጎብኝተው ያነሡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ለዕይታ አቀረቡ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ ነገሩ ለውጭው ዓለም የተሸሸገ ያህል ነበር። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ስለ ወሎ ረኃብ ያመለከተው ነጥብ በተለይ ለዚህ ታሪክ ተገቢ ነው። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም ነበር፤ ከወሎም ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል እንደ ነበር ተዘግቧል። መንገድ እህልን የሚወስደው ገንዘብ ወዳለበት ነው። ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋ የመግዛት አቅሙም አብሮ ስለ ጠፋ፣ በደጃፉ የሚያልፈው የእህል መኪና ለእርሱ የሚያልፍ እንጂ የሚቆም አልሆነለትም። ስለዚህ ለከተማ መቅረብ የገበያ ቅርበት ይሆናል እንጂ በራሱ የእንጀራ ዋስትና አይሆንም።

በመንገዱ የሄዱት

ከአብዮቱ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የጭሰኝነትንም ሥርዓት ሻረ። ለሜዳው ገበሬ ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር። ነገር ግን አዋጅ ዝናብ አያዘንብም። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ከጦርነት ጋር ተደርቦ ሲመለስ፣ በግራ ካሕሱ ዳገት ራስ ላይ ያለችው ኮረም በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በተላለፈው የቢቢሲ ዜና ምክንያት በመላው ዓለም ስሟ ተነሣ። የሜዳው ሕዝብ ከ11 ዓመት በፊት እንዳደረገው ሁሉ እንደገና ወደ መንገዱ ወጣ።

በዚህ ጊዜ ግን መንገዱ ብዙዎችን ይዟቸው ሄደ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ባካሄደው የሰፈራ ዘመቻ 600 ሺህ ያህል ሰው ከሰሜንና ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና በጎጃም ወደ መተከል ተወሰደ፤ ከዚህም ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነበር። በሰፈራው ታሪክ ውስጥ አንድ መራራ ነገር አለ። የራያና የሰሜን ወሎ ገበሬ ከአያቶቹ ጀምሮ የሸሸውን ንዳድ፣ በፓዊና በመሳሰሉት አዳዲስ ሰፈሮች እንደገና አገኘው። መሬት ተሰጠው፤ መንገድም ተጠረገለት፤ የሰውነቱ መከላከያና በቂ ሐኪም ግን አልተዘጋጀለትም ነበር። ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰውም እንደ ምንም ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። በቆቦ ሜዳ በ1940ዎቹ የተገኘው ትምህርት፣ ከሰፈራ በፊት ጤና መቅደም እንዳለበት የሚያስረዳው ትምህርት፣ በ1977 ዓ.ም. ተዘንግቶ ነበር።

የጎርፍና የጉድጓድ ውኃ

በሜዳው የቀሩትና የተመለሱት ግን አንድ የቆየ ጥበብ ነበራቸው። በምዕራቡ ደጋ ዝናብ ሲዘንብ ሆርማት፣ ጎሊናና ሌሎቹ ወንዞች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሞልተው ደለል ተሸክመው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። ገበሬው በድንጋይ፣ በአፈርና በቅርንጫፍ ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል፤ ይህም ጠለፋ ይባላል። ከላይ ባልዘነበበት ሰዓት እንኳ በደጋው ዝናብ የሚያርስበት ዘዴ ነው። ሥራው ግን በአንድ ሰው አይሆንም። መጥለፊያው በየክረምቱ ይፈርሳልና ጎረቤት ከጎረቤት ተሰልፎ መጠገን አለበት፤ ውኃውንም በተራ ለመካፈል ሽማግሌ የሚያከብረው ደንብ ያስፈልጋል። በሜዳው ለመስፈር የመጣ ሰው የራያ ሰው የሚሆነው መሬት በማግኘቱ ሳይሆን በዚህ ተራ ውስጥ በመግባቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከደጋው የሚወርደው ውኃ ሁሉ ወደ አፋር አይፈስም፤ ብዙው በሜዳው ደለል ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ በ1969 ዓ.ም. ገደማ አንድ የጀርመን አማካሪ ድርጅት የቆቦና የአላማጣ ሸለቆን የእርሻ ልማት አጥንቶ ነበር። ሥራው በሰፊው የተጀመረው ግን በ1990ዎቹ የአማራ ክልል መንግሥት የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራምን ካቋቋመ በኋላ ነው። ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ውኃው በኤሌክትሪክ ሞተር እየተሳበ በጠብታና በርጭት መስኖ ለገበሬው ማሳ ደረሰ። ሽንኩርትና ቲማቲም ከማሽላውና ከጤፉ ጎን ቆሙ፤ የሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከልም በቆቦ ባለው የሙከራ ጣቢያው ቶሎ የሚደርሱና ድርቅን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ሞከረ። መንገዱ ከተሠራ ከስድሳ ዓመት በኋላ መንገዱ፣ ጤናውና ውኃው በአንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ።

ውጤቱም ታየ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የቆቦ ወረዳ ነዋሪ ከ220 ሺህ በላይ ነበር፤ ከ100 ሰው 15ቱ ያህልም በከተማ ይኖር ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር የሜዳው ልጅ ቤቱን ብዙ ሳይርቅ ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኝበት ዕድል ተከፈተ። በሌላ በኩል መሬት ያልደረሰው ወጣት አሁንም መንገዱን ለመውጫ ተጠቀመበት። በአፋርና በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መሄድ በራያ የተለመደ ሆነ። ከዚያ በተላከ ገንዘብ በቆቦ የቆርቆሮ ቤት ያልሠራ ቤተሰብ ቢኖርም፣ የተሠራለትም የተሠዋበትም ብዙ ነው። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ሲመልስ የራያ ወጣቶችም ከተመላሾቹ መካከል ነበሩ።

ጦርነቱና የቀረው ጥያቄ

በ1983 ዓ.ም. ከመጣው የመንግሥት ለውጥ በኋላ በተዘረጋው የክልል አስተዳደር ሜዳው ለሁለት ተከፍሎ ቆቦ በአማራ ክልል፣ አላማጣና ኮረም በትግራይ ክልል ሆነዋል፤ የወሰኑ ጉዳይም ለብዙ ዓመት ሲያከራክር ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት በሐምሌ ወር ወደ ቆቦ ሲደርስ ጎዳናው እንደ 1928 ዓ.ም. ሁሉ የሠራዊት መንገድ ሆነ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆየች፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው እንደገና ሲነሣም ከመጀመሪያዎቹ የጦር ሜዳዎች አንዷ ነበረች። ሲቪሎች ተገደሉ፤ ብዙ ቤተሰብ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ተሰደደ። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥና ንብረት ሲዘረፍ የጉድጓዶቹ ሞተሮች ዝም አሉ፤ በመስኖ የለመደው ማሳም ወደ ዝናብ ጥበቃ ተመለሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ያን ጦርነት አስቁሟል፤ ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ግን አካባቢውን እንደገና ፈትኖታል።

ይህ ሁሉ ሲደመር የቆቦ ሜዳ ታሪክ ለጤና ባለሙያው፣ ለመንገድ መሐንዲሱ፣ ለእርሻ ባለሙያውና ለፕላን አውጪው የሚያቀርበው ትምህርት ግልጽ ነው። መንገድ ሥፍራን ያቀርባል፤ ነገር ግን የሚያመጣውን ያህል ይወስዳል፤ ሰላም ሲጠፋም በመጀመሪያ የሚመታው መንገድ ዳር ያለው ነው። ሰው በአንድ ምድር ላይ ጸንቶ እንዲቀመጥ የሚያደርጉት ከንዳድ የሚጠብቀው ጤና ጣቢያ፣ በልግ ሲቀር የሚተካ ውኃ፣ ያንንም ውኃ ያለ ጠብ የሚካፈልበት ደንብ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በጎደለ ጊዜ ሁሉ የራያ ገበሬ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ጎዳናው ወጥቷል። ሁሉም በተገኙበት አጭር ጊዜ ግን የደጋው ልጅ ሲመሽ ወደ ዳገቱ መመለሱን ትቶ፣ በሜዳው ቤቱን ሠርቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር መጥለፊያውን እየጠገነ ኖሯል። የዝም ያሉት ሞተሮች መጠገን፣ የረጪው ቡድን በወቅቱ መድረስ፣ የጠለፋው ተራ መከበር፣ እንደ አስፋልቱ ከሩቅ የሚታዩ ሥራዎች አይደሉም፤ ሜዳው ሰው የሚያድርበት ወይም ሰው የሚያልፍበት መሆኑ የሚወሰነው ግን በእነርሱ ነው።